የጓሮ ፒዛ ምድጃ፦ ስንት ይፈጃል፣ ገንዘቡስ የት ይገባል?

በጓሮው የጡብ ፒዛ ምድጃ ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ከገዙ ወገኖቻችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ፣ ሒሳቡን በአሜሪካ ዋጋ ላስረዳ። የውስጡ ስፋት 1 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው በጉልላት የሚዘጋ ምድጃ፣ ጉልበቱን ራሳችሁ ከቻላችሁት፣ ለዕቃው ብቻ ከ2,500 እስከ 4,500 ዶላር ገደማ ይወስዳል። ሙሉ ሥራውን ለግንበኛ ከሰጣችሁት ከ8,000 በታች መጨረስ ይከብዳል፤ 15,000 ቢደርስም አይግረማችሁ። ዋጋው እንደ ከተማውና እንደ ጊዜው ስለሚለያይ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እንደ ግምት ያዙልኝ።

ድምሩ ግን ብቻውን ብዙ አይነግርም። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚባክነው ዕቃው ተወዶ ሳይሆን ያለ ቦታው ስለሚወጣ ነው። ሰው ዓይን በሚያርፍበት ነገር፣ በጡቡና በውጭ ልስኑ ላይ ይጨነቃል፤ ከወለሉ ሥርና ከጉልላቱ ጀርባ ተሸፍኖ የሚቀረውን የሙቀት መከላከያ ግን «ይቅር» ይላል። እንዲህ ያለ ምድጃ ፎቶ ላይ ያምራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንጨት ከበላ በኋላም ፒዛውን ከላይ አሳርሮ ከሥሩ ሊጥ ያስቀረዋል።

ጡቡ ሙቀቱን የሚይዘው እንዴት ነው?

ይህ ምድጃ ከቤት ኦቨን የሚለየው እሳቱና ምግቡ አንድ ክፍል ውስጥ በመሆናቸው ነው። እንጨቱ ወለሉ ላይ ይነዳል፣ ነበልባሉ የጉልላቱን ጣሪያ እየላሰ ይወጣል፣ ጡቡ ሙቀቱን ይጠጣል። ከዚያ ፍሙ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ፒዛው ያለ ምንም መጥበሻ ጡቡ ላይ ይቀመጣል። ወለሉ ከሥር፣ ጉልላቱ ከላይ፣ ነበልባሉ ከጎን ይጋግሩታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የናፖሊ ፒዛ ማኅበር መስፈርት ወለሉ ከ380 እስከ 430፣ ጉልላቱ ደግሞ 485 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ፒዛው የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው። የቤት ኦቨን አብዛኛውን ጊዜ 290 ዲግሪን አያልፍም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ወለሉና ጉልላቱ አንድ ላይ ግማሽ ቶን ገደማ ጡብ ነው። ይህን ሁሉ በአማካይ በ300 ዲግሪ ለማሞቅ፣ ጡቡ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ብቻ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ካለው ኃይል ጋር ይስተካከላል። ብዙ ሙቀት ደግሞ ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ የሚነደው እንጨት ወደ እጥፉ ይጠጋል። ወለሉ በቀጥታ አርማታ ላይ ካረፈስ? ከሥሩ ያለው 600 ኪሎ ኮንክሪትም አብሮ መሞቅ ይጀምራል። እናንተ አንድ ምድጃ የሠራችሁ መስሏችሁ ሁለት ምድጃ ታሞቃላችሁ፤ ሁለተኛው የሰጣችሁትን ሙቀት አይመልስላችሁም።

መከላከያው፦ የማይታየው ግን የሚወስነው

ስለዚህ ከጡቡ በፊት ስለ መከላከያው ላውራ። ሙቀት በተራ ኮንክሪት ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት በፐርላይት ኮንክሪት (ፐርላይት በሙቀት ያበጠ ቀላል ጠጠር ነው) ወይም በሴራሚክ ፋይበር (እሳት በሚችል፣ ጥጥ በሚመስል ቃጫ) ውስጥ ከሚያልፍበት በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አየር ነው። እነዚህ ዕቃዎች በውስጣቸው ብዙ ጥቃቅን የአየር ኪስ ስላላቸው ሙቀቱ መንገድ ያጣል። ጋቢ የሚያሞቀን በድርብርቡ መሃል አየር ስለሚይዝ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ሥራው የአየሩ ነው።

ለወለሉ ሥር ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው 2 ኢንች ውፍረት ያለው ካልሲየም ሲሊኬት ቦርድ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ የጡቡን ክብደት ይሸከማል፣ በመጋዝ ይቆረጣል። ለዚህ መጠን ምድጃ ከ150 እስከ 300 ዶላር ይበቃል። ሁለተኛው ርካሹ ነው፦ አምስት እጅ ፐርላይት ወይም እሱን የመሰለው ቨርሚኩላይት ከአንድ እጅ ሲሚንቶ ጋር በውሃ ተለውሶ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይፈሳል። 4 ኪዩቢክ ጫማ የሚይዝ ከረጢት ሁለት ብትገዙ ይበቃችኋል፣ ከ100 ዶላር ብዙም አያልፍም። ችግሩ ውሃው ነው፤ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሳይደርቅ ጡብ ከተጫነበት እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል። አቅሙ ካለ እኔ ቦርዱን እመርጣለሁ። አገር ቤት ቢሆን ደግሞ ለብሎኬት የሚውለው የስምጥ ሸለቆው ፑሚስ ይህን ቦታ በደንብ ይሸፍናል፤ ቀላልና በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ በትንሽ ሲሚንቶ ተለውሶ የፐርላይትን ሥራ ይሠራል።

ለጉልላቱ ጀርባ የሚሆነው ሴራሚክ ፋይበር ብላንኬት ነው። 1 ኢንች ውፍረት ያለው፣ 2 ጫማ በ25 ጫማ የሆነ ጥቅል ከ100 እስከ 180 ዶላር ይሸጣል። የ1 ሜትር ጉልላት የውጭ ገጽ 25 ካሬ ጫማ ገደማ ነው፤ ሦስት ድርብ ለማልበስ፣ ድርቡ እየወፈረ ሲሄድ ገጹም ስለሚሰፋ፣ ወደ 85 ካሬ ጫማ ያስፈልጋችኋል። ሁለት ጥቅል ማለት ነው። «አንዱ ይበቃል» ብላችሁ አንድ ድርብ አልብሳችሁ አትለፉት፤ 150 ዶላር አድናችሁ ለዓመታት በእንጨት ትከፍሉታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አጥብቄ ልናገር። ከዚህ ብላንኬት የሚበነው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ይጎዳል። ውጭ ሜዳ ላይ ቁረጡት፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ጭንብል፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልብስ አድርጉ፤ ልጆች አጠገቡ እንዳይደርሱ። የለበሳችሁትን ከሌላ ልብስ ጋር አትጠቡት። ለቤት ግድግዳ የሚሸጠውን ፋይበር ግላስ በምትኩ መጠቀም አይቻልም፣ ይህን ሙቀት አይችልም። ከአሮጌ ቤት የወጣ አስቤስቶስ ያለበት ሰሌዳም በነፃ ቢሰጣችሁ አትንኩት።

ጡቡስ?

የምትፈልጉት ፋየር ብሪክ የሚባለውን ነው፦ 9 በ4.5 በ2.5 ኢንች፣ አንዱ 3.6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን። የተሠራበት ሸክላ ውስጥ ከ30 እስከ 40 በመቶ አሉሚና (ሙቀት የሚያስችለው ማዕድን) ያለው መካከለኛው ደረጃ ለፒዛ ከበቂ በላይ ነው። ለብረት ማቅለጫ የሚሠራው ከፍተኛው ደረጃ ዋጋው ይጨምራል እንጂ ፒዛውን አያሻሽልም። ነጭና በጥፍር የሚቦረቦረው ቀላሉ ጡብ ደግሞ ለመከላከያ የተሠራ ነው፤ ሙቀት አይዝም፣ በአካፋ ይፈረፈራል፣ ለውስጥ ፊት አይሆንም።

ስንት ይበቃል? የጉልላቱ ውስጠኛ ገጽ 1.57 ካሬ ሜትር ነው። ወደ ውስጥ የሚዞረው የግማሽ ጡብ ፊት 73 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 215 ግማሽ ጡብ ይገባል፤ የአፉን ክፍት ስታነሱለት 100 ሙሉ ጡብ ይሆናል። ለወለሉ የጠርዙን ቁራጭ ጨምሮ 40፣ ለአፉ ቅስትና ለፊት መደቡ እስከ 40። 180 ሆነ። የሚሰበረውንና የሚበላሸውን አስባችሁ 200 ግዙ። አንዱ ከ2 እስከ 5 ዶላር ስለሚሸጥ ከ400 እስከ 1,000 ዶላር ነው። የሸክላና የግንበኛ ዕቃ ከሚሸጥበት የሰፈር መደብር ከገዛችሁ የማጓጓዣው ወጪ ይቀራል፤ 700 ኪሎ ዕቃ ከሌላ ግዛት ማስመጣት የዋጋውን ልዩነት ይበላዋል።

ተራ ቀይ ጡብስ? እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔ ዳቦ ቤቶች ምድጃ ዛሬ ባለው ፋየር ብሪክ አልተሠራም፣ ጉልላቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ ቀዳዳ የሌለው፣ በደንብ የተተኮሰ ቀይ ጡብ ለጉልላቱ መጠቀም ይቻላል። ከጊዜ ብዛት ፊቱ እየተላጠ ሊረግፍ እንደሚችል ግን ዕወቁ። ወለሉ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ምግቡ የሚነካው እሱ ነው፣ አካፋና መጥረጊያ የሚፈትገውም እሱን ነው። የወንዝ ድንጋይ ደግሞ የትም ቦታ አይግባ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

መሠረትና መቆሚያ

ይህ ክፍል ከባድ ጉልበት ይፈልጋል እንጂ ውስብስብ አይደለም። መቆሚያው፣ ከላዩ የሚፈሰው የኮንክሪት ወለል (ሶሌታው) እና ምድጃው ተደምረው ከ2 ቶን ያልፋሉ፤ ይህን በሣር ላይ አታሳርፉትም። 6 ጫማ በ6 ጫማ፣ 6 ኢንች ውፍረት ያለው ኮንክሪት 18 ኪዩቢክ ጫማ ነው። 80 ፓውንድ የሚመዝነው ከረጢት 0.6 ኪዩቢክ ጫማ ስለሚሰጥ 30 ከረጢት ይሆናል። ከሥሩ ጠጠር ጠቅጥቁ፣ ፌሮ አስገቡ። ክረምቱ በሚበረታበት አካባቢ አፈሩ በበረዶ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ያነሳዋል፤ ስለዚህ ስንት ኢንች መቆፈር እንዳለበት የካውንቲያችሁን ደንብ ጠይቁ። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀን በፊት 811 መደወልም ግዴታ ነው። በነፃ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን በቀለም ያሰምሩላችኋል።

መቆሚያው በሦስት ወገን የሚዘጋ፣ በፊት በኩል ለእንጨት ማስቀመጫ ክፍት የሆነ የብሎኬት ግንብ ነው፤ 45 ብሎኬት ገደማ ይፈጃል። ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ሶሌታ በካሳፎርማ፣ ማለትም በጣውላ ቅርጽ፣ ይሞላል። የብሎኬቱን ማዕዘን ቀዳዳዎች ከመሙላት ጋር ሌላ 26 ከረጢት ያህል ነው። ከፌሮ፣ ከጠጠርና ከጣውላ ጋር መሠረቱና መቆሚያው ከ700 እስከ 900 ዶላር ይወስዳሉ። ከጡቡ የማይተናነስ ገንዘብ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አስቀድሞ አያስበውም።

ማያያዣውና ጉልላቱ

ተራ የሲሚንቶና የአሸዋ ማያያዣ ከ300 ዲግሪ በላይ እየደከመ ይሄድና ይፈረፈራል። በፋብሪካ የተዘጋጀው እሳት የሚችል ሞርታር ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ከ300 እስከ 500 ዶላር ይፈልጋል። ብዙ የጓሮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቀመር ሦስት እጅ ደቃቅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ አንድ እጅ ፋየር ክሌይ የሚባለው የሸክላ ዱቄት ነው፤ በክብደት ሳይሆን በስፍር። ሲሚንቶው በመጀመሪያ ያጣብቃል፤ ሙቀቱ ሲያዳክመው ኖራውና ሸክላው ይረከባሉ። ሁሉም ተደምሮ ከ150 ዶላር አያልፍም። ገንዘብ መቆጠብ ከተፈለገ ቦታው ይህ ነው። ኖራና ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥሉ ግን ጓንት ሳታደርጉ አትንኳቸው።

ጉልላቱን ለመሥራት ወለሉ መሃል ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞርና የሚነሳ ዘንግ ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ግማሽ ጡብ የሚያቅፍ የብረት ማዕዘን አለ። ከመሃል እስከ ጡቡ ፊት 50 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ስለተለካ፣ እጃችሁ ቢሳሳት እንኳ ዘንጉ ጡቡን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ጡቡን ባልዲ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ ይቆይና ያቆማል፣ ያኔ ታወጡታላችሁ። ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውሃ ወዲያው ይመጠውና አይያያዝም። ሞርታሩ በጀርባ በኩል ወፈር ይላል፤ እሳቱ በሚያየው በኩል ግን ጡብና ጡብ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸው፣ ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር። የታችኛው ዙር መጋጠሚያ ከላይኛው ጋር እንዳይገጥም አፈራርቁት። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያለ ድጋፍ ይቆማሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ጡቡ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል እስኪይዝ ድረስ በዘንጉ ደግፋችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ዙሩ አንዴ ከተዘጋ ግን አንዱ ጡብ ሌላውን እየገፋ ራሱን በራሱ ይሸከማል። 11 ወይም 12 ዙር ከሠራችሁ በኋላ የመጨረሻው መሰኪያ ጡብ ከላይ ይገባል።

የአፉ ቁመት ከጉልላቱ ውስጣዊ ቁመት 63 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመከራል፤ ለ50 ሴንቲ ሜትር ጉልላት 31 ወይም 32 ማለት ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ሙቀቱ ይፈስሳል፣ ዝቅ ካለ እሳቱ አየር ያጥረዋል። ጭስ ማውጫው ጉልላቱ አናት ላይ አይደለም የሚወጣው፤ ከአፉ ፊት፣ ከጉልላቱ ውጭ ነው። አናቱ ላይ ከተበሳ ሙቀቱ ጡቡን ሳያገኝ ወደ ሰማይ ይሄዳል። 8 ኢንች ስፋት ያለው ድርብ የማይዝግ ቱቦ ከነመክደኛው ከ300 እስከ 600 ዶላር ነው።

ጡብ ለመቁረጥ ውሃ የሚረጭ መጋዝ ተከራዩ። በደረቁ በግራይንደር መቁረጥ የሚያስነሳው የሲሊካ አቧራ ለሳንባ አደገኛ ነው። ኪራዩና ምላጩ እስከ 250 ዶላር፣ የውጭው ሽቦና ልስን እስከ 250፣ ሙቀት የማያሳልፍ የብረት በር እስከ 200 ያዙላቸው። የልስኑ አናት ላይ እንፋሎት የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ተዉ፤ የቀረው ገጽ ዝናብ እንዳያስገባ አድርጋችሁ ድፈኑት።

ጡብ ከማዘዛችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አጣሩ። ከተማው ወይም ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ከአጥርና ከቤቱ ስንት ጫማ መራቅ አለበት? ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለባችሁስ ምን ይላል? ኤችኦኤው በጽሑፍ ሳይፈቅድ የተሠራ ምድጃ በኋላ አፍርሱ ሊባል ይችላል። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አየሩ በሚታፈንባቸው ቀናት እንጨት ማንደድ እንደሚከለከል አትርሱ።

ይህ ሁሉ ለበዛበት ሰው ሁለት ቀላል መንገድ አለ። ወለሉን በፋየር ብሪክ አድርጎ ጉልላቱን በጭቃ፣ በአሸዋና በጭድ መሥራት ወጪውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፣ ከዝናብ የሚከልለው ዳስ ግን ይፈልጋል። ፒዛ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ምድጃ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ ሥራውን በሚገባ ይሠራል።

የመጀመሪያው እሳት

አዲስ ምድጃ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ያ ውሃ በድንገት ከፈላ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋና መውጫ ሲያጣ ጉልላቱን ይሰነጥቀዋል። ከግንባታው በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ትንሽ እሳት ለብዙ ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን ከ150 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ በየቀኑ 25 ወይም 30 እየጨመራችሁ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን። በሌዘር ቴርሞ ሜትር እየለካችሁ ሂዱ፣ ዋጋው 30 ዶላር አይሞላም። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቢታይ አትደንግጡ፤ ሁሉም ምድጃ ላይ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ጥሩ መከላከያ ያለውን ምድጃ በሁለት ምልክት ታውቁታላችሁ። አንደኛው፣ ማታ ፒዛው ሲያልቅ ፍሙን አውጥታችሁ በሩን ብትዘጉት በማግስቱ ጠዋት ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ይጠብቃችኋል። ይህ የድፎ ዳቦ ሙቀት ነው፤ ኮባ ባይገኝ ከእስያና ከላቲን ገበያ የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ገዝታችሁ ሊጡን ሸፍኑበት፣ አንድ እንጨት ሳትጨምሩ ይበስላል። ሁለተኛው፣ ውስጡ 450 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት እጃችሁን የውጭ ልስኑ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ብሎ ብቻ ከተገኘ ተሳክቶላችኋል። ካቃጠላችሁ ልስኑን አንስቶ ሌላ ድርብ ብላንኬት ማልበስ ይቻላል። ከወለሉ ሥር የቀረውን ግን ምድጃውን ሳያፈርሱ ማስገባት አይቻልም፤ ስለዚህ ገንዘቡ የሚመጣው በየተራ ከሆነ መጀመሪያ ቦርዱን እዘዙ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍናችሁ አቆዩት፣ ጡቡ በሚቀጥለው ወር ይድረስ።